ሰውየው አንድ፣ ሥርዓቱ ሁለት
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ማታ እንድንናገር የተሰጠን ርእስ «ሕግና ማኅበራዊ ሥርዓት በሰዎች የኤኮኖሚና የፖለቲካ አካሄድ ላይ ያላቸው ኃይል» የሚል ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ሁሉን እንነካለን ብለን አንዱንም ሳንጨብጥ እንዳንቀር፣ አንድ ጉዳይ ብቻ መርጠን ይዘናል። እሱም የአገራችን የመሬት ጉዳይ ነው።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ወደ ቤተሰቦቹ አገር ሄዶ ያየውን በመንገር እንጀምር። አንድ ገበሬ ሁለት ማሳ ያርሳል። አንደኛው በራሱ ስም የተመዘገበ ይዞታው ነው፤ ሁለተኛው አራሽ ከሌላቸው ከአንዲት መበለት ከዓመት ወደ ዓመት በእኩል የሚይዘው ነው። ሁለቱን ማሳ የሚለያቸው አንድ ድንበር ብቻ ነው። በራሱ ማሳ ላይ ጎርፍ የናደው የድንጋይ እርከን ተመልሶ ተክቧል፣ የከብቱ ፍግ ተበትኗል፣ በዳር በዳሩም ጌሾ ተተክሏል። ከድንበሩ ወዲያ ግን እርከኑ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ጎርፉም ቦይ አውጥቶበታል። ጓደኛችን ምክንያቱን ቢጠይቀው ገበሬው «ልጄ፣ የሚመጣው ዓመት ለማን እንደሚሰጡት ምን አውቃለሁ?» ብሎ መለሰለት።

ይህን ያነሣነው ስለ እርከን ለመናገር ብቻ አይደለም። ትምህርት የቀመስን ሰዎች ስለ ባላገሩ ስንነጋገር «ሰነፍ ነው፣ ልማድ ያሠረው ነው፣ ነገረኛ ነው» ማለት ይቀናናል። ነገር ግን ሰነፉና ትጉሁ አንድ ሰው ሆኖ ሲገኝ፣ በዚያው ጥንድ በሬ፣ በዚያው ዝናብ፣ እዚህ አርቆ አሳቢ እዚያ ደግሞ ግድ የለሽ ሆኖ ሲታይ፣ ምክንያቱን በጠባዩ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ሰውየው አንድ ነው፤ ሥርዓቱ ግን ሁለት ነው። ልናስረዳ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ሰው የሚኖረው በወረቀት በታወጀለት ሕግ ሳይሆን፣ ነገም ይጸናልኛል ብሎ ባመነው ሥርዓት ነው።

ሥርዓት ስንል በነጋሪት ጋዜጣ የታተመውን ብቻ ማለታችን አይደለም። እቁብን ነጋሪት ጋዜጣ አላቋቋመውም፤ ሆኖም የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ አይሰወርም። የማይሰወረው ዋስ ስለጠራ ነው፤ ዳኛውም ጸሐፊውም ቤቱን ስለሚያውቁት ነው፤ ስሙ አንድ ጊዜ ከጠፋም ሁለተኛ የሚያስገባው እቁብ፣ ምናልባትም የሚቀብረው እድር ስለማያገኝ ነው። በድሮ ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። በዚያ ሥፍራ ፖሊስ አልነበረም፤ የነበረው ቃሉን ሰምቶ የሚታዘብ ሕዝብ ነው። ስለዚህ የአንድ ሥርዓት ኃይል የሚለካው በማን እንደታወጀ ብቻ ሳይሆን፣ ሲጣስ ማን እንደሚቆምለት ጭምር ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንመለስ። በጎጃም፣ በበጌምድርና በሌሎችም የሰሜን ክፍለ ሀገሮች በብዙው ሥፍራ ጸንቶ የኖረው የርስት ሥርዓት ነበር። ርስት አንድ ሰው ገዝቶ የሚሸጠው ንብረት አልነበረም፤ መሬቱን በመጀመሪያ ካቀናው አባት እወለዳለሁ የሚል ሁሉ፣ በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ ድርሻ የሚጠይቅበት መብት ነበር። «ርስት በሺሕ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለውም ስለዚህ ነው። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በጎጃም በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቷል፤ መጽሐፉም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ታትሟል። እርሱ እንዳሳየው አንድ ሰው በብዙ አባቶች በኩል የብዙ ሥፍራ መሬት ሊጠይቅ ይችላል፤ ከጥያቄው ውስጥ የትኛው እውነተኛ ማሳ እንደሚሆንለት የሚወስነው ግን ጉልበቱ፣ የንግግር ችሎታው፣ የዘመዶቹ ድጋፍና ሹመቱ ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ የሚኖር አስተዋይ ሰው ምን ያደርጋል? ዘሩን እስከ ሩቅ አባት ድረስ ይቆጥራል፤ ለልጁም ያስጠናል። በችሎት መናገርን ይማራል። ሹመት ይፈልጋል፤ ሹመት ያገኘ ሰው የርስት ጥያቄው ይሰማለታልና። ባላገሩ ነገረኛ የሆነው ነገር ስለሚወድ ሳይሆን፣ ማሳው በነገር ስለሚገኝና በነገር ስለሚጠፋ ነው። ሥርዓቱ መልካም ጎን ነበረው፤ የአቅኚው ዘር የሆነ ሁሉ ከመሬት ፈጽሞ እንዳይወጣ ይጠብቅ ነበር። ክፉ ጎንም ነበረው፤ በብዙ ሥፍራ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪውንና እስላሙን ከርስት ውጭ ያስቀር ነበር። ዛሬ ርስትን የምንናፍቅ ሰዎች ብንኖር ይህን መርሳት የለብንም።

ከርስቱ በላይ ደግሞ ጉልት ነበረ። ጉልት መሬቱን የማረስ ሳይሆን ከአራሹ ግብር የመብላት መብት ሲሆን፣ ንጉሡ ለሹሙ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ይሰጠው ነበር። ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ርስተ ጉልት እንደነበረ አይካድም፤ ለሹም የሚሰጠው ጉልት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሹመቱ ጋር የሚሄድ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን፤ የስግብግብነት ምስክር አድርገንም እንጠቅሰዋለን። ነገር ግን የዚያን ገበሬ ሁለተኛ ማሳ እናስታውስ። ሹሙ በግዛቱ ላይ ያለው ልክ ገበሬው በመበለቲቱ ማሳ ላይ እንዳለው ነው። በሚመጣው ዓመት ለማን እንደሚሰጥ የማያውቀውን አገር ማን መንገድ ያወጣለታል፣ ማንስ ድልድይ ይሠራለታል? የሚቻለው ዘንድሮ የሚበላውን መብላት ነው። የፖለቲካው ጠባይና የእርሻው ጠባይ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

በደቡብ ታሪኩ ሌላ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማለቂያ አጼ ምኒልክ ግዛታቸውን ካስፋፉ በኋላ፣ በዚያ ብዙው መሬት በቀላድ ተለክቶ፣ በጋሻ ተቆጥሮ፣ ለወታደሩ፣ ለሹሙ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለባላባቱ ተደለደለ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። ቀድሞ በመሬቱ ላይ የነበረው ሕዝብ አብዛኛው ገባር፣ በኋላም ጭሰኛ ሆነ። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የቃል ስለነበረ ባለመሬቱ ሲፈልግ ያስለቅቀው ነበር። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በስዊድን እርዳታ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ጀመረ፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አቀረበ፤ ምርትም አደገ። ምርት ሲያድግ ግን በትራክተር ማረስ ለባለመሬቱ አዋጭ ሆነ፤ ብዙ ጭሰኞችም ከመሬቱ ተነቀሉ። ዕውቀቱ ነበረ፣ ገንዘቡም ነበረ፣ በጎ አሳብም ነበረ። ያልተነካው ሥርዓቱ ነው፤ ስለዚህም ለጭሰኛው የታሰበው ልማት ጭሰኛውን አባረረው።

ታዲያ ሕግ አልነበረም ወይ? ነበረ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ኢትዮጵያ የራሷን ሕግ በልምድ እያበጀች ሦስትና አምስት መቶ ዓመት ልትጠብቅ አትችልም የሚል እምነት ነበራቸው። በ3347ኛው አንቀጽ፣ ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ሁሉ የቀድሞው ልማድና ደንብ እንዲሻር ተደረገ። በአንድ አንቀጽ የሺሕ ዓመት ልማድ ተሻረ ማለት ነው። ሆኖም ያው ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብን የሚመለከተውን ክፍል፣ ወደ ፊት በትእዛዝ እስኪገለጽ ድረስ በሥራ ላይ እንዳይውል በ3363ኛው አንቀጽ አቆየው። ልማዱ ተሽሯል ተባለ፤ በልማዱ ፈንታ የሚመሰክረው መዝገብ ግን አልተከፈተም። ገበሬውም ምስክር ወዳለበት ወደ ልማዱ ቢመለስ ምን ያስደንቃል? የጭሰኛውን ውል የሚያሻሽለውም ረቂቅ ሕግ ዘውዱ እስኪወርድ ድረስ ከፓርላማው ሳያልፍ ቀረ፤ ከሕግ አውጪዎቹ ብዙዎቹ ባለመሬቶች ነበሩና።

የሰሜኑ ገበሬ የወረቀት ሕግን እንዴት እንደሚያነብ ለማወቅ በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የሆነውን ማየት ይበቃል። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። ግብሩ በተገኘው ገቢ መጠን የሚከፈል ስለሆነ በወረቀት ላይ ሲታይ ትክክለኛ ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያለ የሚተርተው የጎጃም ገበሬ ግን መሣሪያ አንሥቶ ተቃወመ። በአዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ይህን ድንቁርና አሉት። ገበሬው ግን ገማቹ በማሳው መካከል ሲቆም የታየው ግብሩ ብቻ አልነበረም። ዛሬ የሚገምት ነገ ይለካል፤ የተለካ መሬት ደግሞ በሌላው አገር የማን እንደሆነ ሰምቷል። የፈራው ለርስቱ ነው። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻ ግን ውዝፉን ምሮ፣ አገረ ገዢውንም አንሥቶ ነገሩን አበረደ። ዐዋጁ ታትሞ ነበር፤ በጎጃም ግን የታመነ ሥርዓት ሊሆን አልቻለም።

በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቬርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ መውጣታቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከእኛ በፊት በነበሩት ተማሪዎች ድፍረት እንኮራለን። ከ10 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ዐዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይያዝ ወሰነ፤ መሸጥን፣ ማከራየትንና በዕዳ ማስያዝን ከለከለ። የጭሰኝነት ቀንበር በአንድ ቀን ተሰበረ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ የጭሰኛ የልጅ ልጆች ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠው እንደሚሰሙን አንጠራጠርም።

ነገር ግን በፍቅርና በድፍረት እንጠይቅ። «መሬት ለአራሹ» የሚለው ቃል መሬቱ ለማን እንደሚሰጥ ይናገራል እንጂ፣ ከተሰጠው በኋላ በምን ዋስትና እንደሚጸናለት አይናገርም። የገበሬ ማኅበሩ መሬቱን በየጊዜው እያሸጋሸገ ለአዲስ ጎጆ ወጪዎች ያድል ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበያው ዋጋ በታች በሆነ ሒሳብ የኮታ እህል ያስገባ ነበር። ገበሬው ከጭሰኝነት ወጣ፤ ከ«ለሚመጣው ዓመት ምን አውቃለሁ» ግን አልወጣም። መንግሥት በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኤኮኖሚ አውጆ፣ የፈለገ ከአምራቾች ማኅበር ይውጣ ባለ ጊዜ፣ ዓመታት የተለፋባቸው ማኅበራት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ማንም አፍርሱ አላላቸውም፤ ሥርዓቱ በገበሬው ልብ ውስጥ ቀድሞውንም አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝቦች ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ደነገገ፤ ገበሬውም ከይዞታው እንዳይነቀል ጥበቃ ሰጠው። ሆኖም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲከፋፈል፣ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሥልጣን የነበራቸው ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው ከሌላው ያነሰ መሬት እንዲይዙ ተደረገ። የድልድሉን ትክክለኛነት ለመፍረድ አልተነሣንም። የምንጠይቀው ገበሬው ከዚህ ምን ተማረ ብለን ነው። መሬቱ ከፖለቲካው ጋር እንደሚመጣና ከፖለቲካው ጋር እንደሚሄድ ተማረ። መሬትን የሚሰጠውና የሚነሣው እጅ፣ ድምፅም የሚያስቆጥረው እጅ አንድ ሲሆን፣ ገበሬው በስብሰባ ላይ እያጨበጨበ በልቡ ሌላ ቢያስብ ግብዝ ነው ልንለው አንችልም። እርከኑን እንደተወው ሁሉ አሳቡንም መናገር ትቷል።

ተስፋ የሚሰጥም ነገር አይተናል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ፣ በመጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎም በሌሎች ክልሎች፣ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጥ ጀመር። መጀመሪያ የተሠራበት መንገድ ቀላልና ርካሽ ነበር፤ ከአካባቢው የተመረጡ ሰዎች ጎረቤቶች በተገኙበት ድንበሩን እያሳዩ ይመዘግቡ ነበር። በአማራ ክልል በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ አብሮ ተለጠፈ። በትግራይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ደብተር ያገኙ ገበሬዎች እርከናቸውን ይበልጥ ጠበቁ፣ ዛፍም ይበልጥ ተከሉ፤ ብቻቸውን ቤት የሚመሩ ሴቶችም መሬታቸውን ለማከራየት ይበልጥ ደፈሩ። መሬቱ አልተሸጠም፣ ባለቤትነቱም ከመንግሥት አልወጣም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ነገ ያለው እምነት። ደብተሩ ኃይል ያገኘውም ማኅተም ስላለበት ብቻ ሳይሆን፣ ሲጻፍ ጎረቤት ቆሞ ስላየው ነው፤ የወረቀቱ ሕግና የመንደሩ ምስክር ተገናኝተዋልና።

እነዚህ ሁለቱ ሲለያዩ ምን እንደሚሆን ለማየት ከከተማ ዳር ድረስ መሄድ ይበቃል። በዚያ ያለ ገበሬ ከተማው እየሰፋ ሲመጣ መሬቱ ለልማት እንደሚወሰድ፣ የሚከፈለው ካሣም እንደማይበቃው ይፈራል። ሕግ መሸጥን ከልክሏል፤ ስለዚህ በሥውር ይሸጣል። የገዛውም ሰው ሌሊት ሲሠራ አድሮ ጧት ቤት ያቆማል፤ የጨረቃ ቤት የተባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሻጩ ወንጀለኛ፣ ገዢው ሕገ ወጥ፣ አፍራሹ ጨካኝ እየተባባሉ ይኖራሉ። ሦስቱም ግን አንድ ሥርዓት የወለዳቸው ወንድማማቾች ናቸው።

ምናልባት ከመካከላችሁ «እንግዲያውስ መሬት ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?» ብላችሁ የምትጠይቁን ትኖራላችሁ። ይህ ክርክር በአገራችን ብዙ ዓመት ቆይቷል፤ እኛም በመካከላችን አልተስማማንበትም። የተስማማነው ግን ከዚህ ጥያቄ የሚቀድም ጥያቄ መኖሩን ነው። የሚሸጥ ሆኖ ፍርድ ቤቱ ካልታመነ፣ ጉልበተኛው የደካማውን ይነጥቃል። የማይሸጥ ሆኖ ሹሙ እንደ ፈቃዱ የሚያሸጋሽገው ከሆነ፣ ሁሉም የሹሙ ጭሰኛ ይሆናል። የሚቀድመው ጥያቄ «ነገ ማን ይቆምልኛል?» የሚለው ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ነገ ከዚህ አዳራሽ ዳኛ፣ የእርሻ ባለሙያ፣ ሕግ አርቃቂ፣ አስተዳዳሪ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ነገር አደራ እንላለን። ሰውን ሰነፍ፣ ነገረኛ፣ ፈሪ ከማለታችሁ በፊት ምን ዓይነት ሥርዓት ውስጥ እንደቆመ እዩለት። ሕግ ከመጻፋችሁም በፊት፣ ሲጣስ ምስክርና ዋስ የሚሆነው ማን እንደሆነ በስም ጠይቁ፤ መልስ ካላገኛችሁ ገና አልጻፋችሁም።

ስለ ሌላው ይህን ያህል ከተናገርን ስለ ራሳችንም አንድ ነገር እንናዘዝ። ይህች የምታነቧት ጋዜጣ የምትታተምበት የማባዣ መኪና በየወሩ ትበላሻለች። ቀለም የሚያፈስባት ብዙ ነው፤ ዘይት የሚቀባት ግን የለም። ምክንያቱን መርምረን አገኘነው። የማኅበሩ ኮሚቴ የሚመረጠው ለአንድ ዓመት ነው፤ መኪናይቱንም ሆነ መዝገቡን በአባላት ፊት ለተተኪው የማስረከብ ደንብ የለንም። የወጣው ኮሚቴ ለገባው ቁልፍ ብቻ ይሰጠዋል። ያ ገበሬ ስለ መበለቲቱ ማሳ የተናገረውን እኛም ስለ መኪናችን በየዓመቱ በልባችን ስንናገር ኖረናል ማለት ነው።

ስለዚህ ንግግራችንን የምንዘጋው ለጠቅላላ ጉባኤው አሳብ በማቅረብ ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ ኮሚቴው የማኅበሩን ዕቃና ሒሳብ በአባላት ፊት እያነበበ ያስረክብ፤ ጉድለቱም በወጣው ኮሚቴ ስም ይጻፍ፤ ሁለት አባላትም በምስክርነት ይፈርሙ። ነገሩ ትንሽ ነው። ነገር ግን ለአገር የምንመኘውን ሥርዓት በአንድ የማባዣ መኪና ላይ ማጽናት ካቃተን፣ ስለ አገሩ ማሳ ሁሉ እንመክራለን ማለታችን ድፍረት ይሆናል።